ሾርባ የጠጣው ሙት

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሽ ወንድሙ የቆርቆሮ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ። «ቤትሽ ይደር፤ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ነው» አለኝ። ጋሽ ወንድሙ በሶዶ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም የሚያሳየው ሰውዬ ነው። እኔ ደግሞ ፊልሙን ለተመልካቹ የምናገረው ነኝ። እስከ ትናንት «ረዳት» እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ ዛሬ ግን «ተርጓሚ» አለኝ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን ሮጥኩ። እናቴ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ መልሱን በማጉያው ነገርኳት። የጎረቤት በግ ገመዱን በጠሰ።

ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ የሥራ ዘመኔ አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። ለትዝታ አጭር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ሶዶ ውስጥ በዚህ ሥራ የሚቀድመኝ ሰው የለም።

ሥራ የጀመርኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጋሽ ወንድሙ የእንግሊዝኛ መምህራችንን «ጽሑፍ ቶሎ የሚያነብ ልጅ ስጠኝ» ቢለው መምህሩ እኔን ላከኝ። ጋሽ ወንድሙ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ወንድ ልጅ የለም እንዴ?» አለ።

«አለ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው» አልኩት።

ሳቀና ወንበር ሰጠኝ። ወንበሩ ለመቀመጫ አልነበረም፤ ቆሜበት እንድናገር ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ይሸፈናሉ። የመብራት ሞተሩ ውጭ ይነሣል። ፊልሙ በአራት ጥቅል ይመጣል፤ አንዱ አልቆ ሌላው ማሽኑ ላይ እስኪገባ ሰው ይዞት የመጣውን ስኳር ድንች ይበላል። ከሥዕሉ ሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። እኔ ከነጩ ጨርቅ አጠገብ ቆሜ መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ ለአውራጃው ቢሮ ሰዎች በአማርኛ እናገራለሁ። ሁለቱንም እስክጨርስ፣ ጨርቁ ላይ ሲጠያየቁ የነበሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ተጋብተው አገኛቸዋለሁ።

ስለ ፊልሞቹ የራሴ አስተያየት አለኝ። የድብድብ ፊልም ለተርጓሚ ዕረፍት ነው፤ ቡጢ አይተረጎምም። ሰዉም «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያለ አክተሩን ይመክርልኛል። እኔን ቅር የሚለኝ የአክተሩ ፈረስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጋልብ ውሎ ሣር የሚሰጠው የለም። ከበዴሳ የሚመጡ የከብት ነጋዴዎችም ይህን ሳያነሡ አይሄዱም።

አስፈሪ ፊልም ይለያያል። አንድ ጊዜ ጸጉራም አውሬ መጣ፤ አንገቱ ላይ ስፌቱ ይታያል። ልብስ ሰፊው ጋሽ ዳና ከኋላ «ክሩ ነጭ ነው፤ ማን ነው ይህን የሰፋው?» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በሌላ ፊልም ደግሞ ሰው በሌለበት ቤት አንድ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሌላ ምንም የለም። የምናገረው ስለሌለኝ ዝም አልኩ። ያን ዕለት ሲያልቅ ቀድሞ ለመውጣት የደፈረ አልነበረም። ሰው በሰማይ የሚበርርበትን ፊልም ግን አልወድም። የሚበርር ሰው አይወድቅም፤ የማይወድቅ ከሆነ ምን ብለን እንጨነቅለት?

አባዬ ሲኒማ አይወድም። እሱ ራሱ በቤተ ክርስቲያን ለውጭ አገር ሰባኪ ያስተረጉማል። ሥራውን የፈቀደልኝ በአንድ ውል ነው። «ጨርቁ ላይ ያለውን ብቻ ትናገሪያለሽ። ከራስሽ የጨመርሽ ቀን ሥራው አበቃ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ከሦስት ወር በፊት አንድ የድብድብ ፊልም መጣ። ሁለት ጥቅል በደህና ሄደ። በሦስተኛው አክተሩ ተመታ፤ ከፈረሱ ወደቀ፤ ሞተ፤ ድንጋይ ተከምሮበት ተቀበረ። አክተር አይሞትም ተብሎ የታመነ ነገር ስለሆነ ሰዉ ደነገጠ። እማማ ባሎቴ የሚባሉ አሮጊት ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጡት፤ እሳቸው ለቅሶ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። ከዚያ «ተፈጸመ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሽ ወንድሙ ግን ገና አንድ ጥቅል ቀርቶት ነበር፤ አስገባው። አክተሩ በር ከፍቶ ገባ፤ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሾርባ መጠጣት ጀመረ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሦስተኛውና አራተኛው ጥቅል እንደተቀያየሩ ወዲያው ገብቶኛል። ግን ያን ሁሉ ሰው ካስለቀስኩ በኋላ «ተሳስተናል» ማለት አፈርኩ። «ሙቱ ተነሥቷል» አልኩ በማጉያው። «ጓደኞቹ መሞቱን አላወቁም።»

አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ማንኪያ ባነሣ ቁጥር ሰው ዓይኑን ይሸፍናል። ሲስቅማ አንድ ጎልማሳ ብርድ ልብሱን ገንጥሎ በመስኮት ወጣ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ደረሰ። አባዬ አልጮኸብኝም። «ሰባኪው ያላለውን እኔ ብጨምር ማን ያውቅብኛል?» አለኝ።

«ማንም» አልኩ።

«ለዚህ ነው የማልጨምረው። ቅዳሜ እዚያው ወንበር ላይ ቆመሽ እውነቱን ተናገሪ። አለበለዚያ ሁለተኛ እዚያ አትሄጂም።»

ለጋሽ ወንድሙ ብነግረው ራሱን ያዘ። «አብደሻል? ሰው ሙቱን ሊያይ ከገሱባ ድረስ እየመጣ ነው! እንዳለፈው አድርገሽ ተናገሪ። ካልሆነ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።»

ብናገር ጋሽ ወንድሙ ያባርረኛል፤ ባልናገር አባዬ ያስቀረኛል። በሁለቱም መንገድ ሥራው የሄደ መሰለኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሞተሩ ሳይነሣ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። «ሰውዬው አልተነሣም። ጥቅሉ ተቀያይሮ ነው። ሾርባውን የጠጣው ከመሞቱ በፊት ነው። አውቄ ነው የዋሸኋችሁ» አልኩ። በወላይትኛ ተናግሬ በአማርኛ ደገምኩት።

«እና እኛ ከገሱባ በእግራችን የመጣነው ምን ልናይ ነው?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ጋሽ ወንድሙ ማሽኑን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

እማማ ባሎቴ ተነሡ። «አንተ ዝም በል! እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺም ጉደኛ ነሽ። ሰውዬው በሕይወት እያለ ነው የጠጣው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው በሰላም ሲጠጣ አሳዩኝ።»

ፊልሙን በትክክለኛው ተራ አሳየናቸው። ሾርባው ሲመጣ «አሁን በሕይወት አለ፤ ራበኝ ይላል» አልኩ። ከዚያ በላይ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ያለፈው ቅዳሜ የነበሩት መጨረሻውን ያውቃሉ፤ ማንኪያውን ሲያነሣ ማልቀስ ጀመሩ። የገሱባው ሰውዬ መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ ሲነገረው እሱም አለቀሰ። ጋሽ ወንድሙ ሲጨርስ «የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳታረፍጂ» ብቻ አለኝ።

አስፈሪው ፊልም ወይስ አሳዛኙ ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በዚያ አዳራሽ ያ ሾርባ ከሁሉም በልጧል። ከሥራው ያገኘሁት ትምህርት አጭር ነው፤ ጥቅሉ ከተዛባ ማሽኑ ይቁም፤ ተርጓሚውም ተዛብቷል ይበል።

በዚህ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ አንድ የጉድጓድ መንፈስ የሚናገር ፊልም አለ። ጋሽ ወንድሙ «የትምህርት ቤትሽን ልጆች ጥሪልኝ» ስላለኝ ግብዣውን በዚህ ጽሑፍ ለእናንተ አስተላልፌያለሁ። ብርድ ልብስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሦስተኛው መስኮት ብርሃን ያስገባል። የሚፈራ ካለ እኔ አጠገብ ይቀመጥ፤ እኔም እፈራለሁ።