ዓይኔ ቢጫ የሆነበት ዓመት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሆሳዕና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አንድ ጠዋት በመምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ አንዲት ባልደረባዬ ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ዓይንሽን በመስታወት አይተሽዋል?» አለችኝ። ቀኝ ጎኔን ሲወጋኝ፣ ሰውነቴን ሲያሳክከኝ፣ ሽንቴ ሲጠቁር ድካም ነው እያልኩ ችላ ብዬው ከርሜያለሁ። ቤቴ ገብቼ መስታወት ሳይ የዓይኔ ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«የወፍ በሽታ ነው፤ ይተላለፋል» ተባለ። በማግስቱ ለእኔ ብቻ የተለየ ብርጭቆ መስኮቱ ላይ ተቀመጠልኝ። ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም። ያከራየችኝ ሴትዮም ሰላምታዋን አልከለከለችኝም፤ ልጆቿን ግን ወደ በሬ እንዳይቀርቡ ትጠራቸው ጀመር። ደግ ጊዜ ቢሆን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው ይጸልዩልኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በመንግሥት ታሽጓል፤ ጥቂት ሰው አንድ ቤት ከተሰበሰበ ቀበሌው «ምን ስብሰባ ነው?» ይላል። የሚፈሩት በሽታዬን ይሁን ቀበሌውን ሳላውቅ ብቻዬን ቀረሁ።

አባቴ ከትውልድ ቀዬዬ ከአንጋጫ መጥቶ የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰደኝ። የሚመር ቅጠል ተጨምቆ ተሰጠኝ፤ ጠጣሁ፤ አልተሻለኝም። ሰንብቶ ኃይለኛ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ሲመጣብኝ አባቴ ግንባሬን ዳሰሰና፣ «ይሄስ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ ልጄ» አለ። ተያይዘን አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ገባን። አልጋ እንዳገኘሁ እሱ ተመለሰ፤ ከገበሬ ማኅበሩ ሥራ ከቀረ ይቀጡታል።

ሐኪሙ መርምሮኝ፣ «የሐሞት ጠጠር ነው» አለኝ። «ሐሞት ከጉበት የሚወርድበትን ቱቦ ደፍኖታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

አለቀስኩ። «አይተላለፍም» ሲለኝ ሆሳዕና ካሉት ሰዎች አንድ እንኳን አጠገቤ ሆኖ ባለመስማቱ ነው።

ቀዶ ጥገና ተደረገልኝና ጠጠሩ ወጣ። ጎኔ ላይ የገባ ቀጭን ጎማ አረንጓዴ ቢጫ ሐሞት ወደ ጠርሙስ ያወርድ ነበር። አጠገቤ የተኛችው ከሀዲያ አገር ከሆመቾ የመጣች የገበሬ ሚስት ነበረች፤ እሷም ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። አማርኛ አታውቅም። እኔ ከምባታ ብሆንም ሀዲይኛ ሆሳዕና ገበያ ለምጄ ነበርና ሐኪሙ እንዳስተረጉምለት ጠየቀኝ።

«የቱቦው ቁስል ሲድን ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ቱቦውን ሊያጠበው ይችላል በያት።»

ነገርኳት።

«በሁሉም ላይ አይደርስም። ይበልጥ የሚያሰጋው ቱቦው ብዙ ጊዜ ተደፍኖ የቆየበት፣ መግል ይዞ የነበረ፣ ወይም ቱቦው ከተፈጥሮው ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራት፣ ወይ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ቶሎ ትምጣ።»

ይህንንም ነገርኳትና፣ «ዶክተር፣ የእኔስ?» አልኩት።

«አሁን የቆጠርኩት ሁሉ አንቺ ላይ አለ» አለኝ። «ራስሽን ጠብቂ።»

እሱ ሲሄድ ሴትዮዋ፣ «ምን አለሽ?» አለችኝ። «ደህና ነሽ አለኝ» አልኳት። አላመነችኝም። ከአልጋዋ ተንጠራርታ እጄን ያዘችኝ። ከታመምኩ ወዲህ ከአባቴና ከሐኪም ሌላ የነካኝ ሰው አልነበረም። እንደያዘችኝ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም እጄን አላነሣሁም።

ሆሳዕና ተመልሼ በሽታዬ እንደማይተላለፍ ለመምህራኑ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ብርጭቆው ግን ከመስኮቱ አልተነሣም። እኔም በየጠዋቱ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስቤ መስታወት ማየት ሥራዬ ሆነ። ስለ ጠባሳው ለማን ልንገር? «ዳንሽ እኮ!» ነው የሚሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ሰው ብርድ መሰለው። በማግስቱ አንዲት ፌስታል ይዤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያከራየችኝ ሴትዮ በር ላይ ቆማ፣ «ብቻሽን ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «በይ እግዜር ይከተልሽ» ብላ ሸኘችኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አውቶቡሱ በተያዘ ቁጥር ሰው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ እኔ መቀመጫዬ ላይ ኩርምት ብዬ እንቀጠቀጥ ነበር።

ቱቦው ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙ የጠበበውን ቆርጦ የቀረውን ከአንጀቴ ጋር አገናኘው። ስነቃ፣ «ባትቸኩይ ኖሮ ጉበትሽ ይበላሽ ነበር» አለኝ።

በርትቼ መራመድ ስችል፣ ያቺን ሴት ልጠይቅ ሆመቾ ሄድኩ። በገበያው ቀን ጠይቄ ጠይቄ ባሏን አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አንገቱን ደፋ።

«ትኩሳት ያዛት» አለኝ። «እሷ ትልቁ ሐኪም ቤት ውሰደኝ አለች። እኔ ወባ ነው ብዬ ኪኒን ገዛሁላት። አጨዳው እስኪያልቅ አልኳት፤ አልደረሰችም።»

ነግሬያት ነበር ብዬ ብነግረው ምን ይጠቅመዋል? እሷም አልረሳችውም።

እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ፀሐዩ ከርሮ ነበርና ከአንድ ዋርካ ሥር ቆመን ጠበቅን። ብዙ ቆይቶ፣ «ስለ አንቺ ታወራ ነበር» አለኝ። «ዘመድ የላትም ወይ፣ ማንም ሊጠይቃት አይመጣም ትል ነበር።»

መኪናው መጣ። ቦታ እንዲሰጠኝ ሾፌሩን ለመነልኝ፤ ከኋላ፣ በሁለት የማላውቃቸው ሴቶች መካከል ተቀመጥኩ።