ልጄን ለቅሶ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ልጄን ማርቆስን ሳይጠይቁት ከዳተኛ አሉት። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልግ ነበር። ገሱባ ያላችሁም፣ እንደኔ ከአገራችሁ ወጥታችሁ የሰው ቤት የምትኖሩም ስሙኝ።

ከገሱባ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። በአንድ እጄ የሚቀቀል የቦዬ ሥር፣ በሌላው የሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ በጠርሙስ ይዤ የልጅ ልጄን ምሕረትን ተከተልኩ። ምሕረት የማርቆስ ልጅ ናት። ሶዶ ሕግ ጨርሳ ጓደኞቿ ቢሮ ቢሮ ሲፈልጉ እሷ ሠራዊት ገባች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሕግ ተምራ ወታደር?» ብለው አዘኑልኝ። «ወታደርስ ጠበቃ አያስፈልገውም?» አልኳቸው። ሥልጠናዋን ጨርሳ መቶ አለቃ ሆነች፤ የተከሰሱ ወታደሮች ጠበቃ አድርገው ሩቅ ቆላ፣ አባቷ ያገለገለበት ካምፕ መደቧት። እኔም ሄድኩ። ለሌላ አይደለም፣ የአባቷን መዝገብ ፍለጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ሲሞት ማርቆስ ወታደር ነበር፤ የአምስት ቀን ፈቃድ ይዞ መጣ። በእኛ ዘንድ ለቅሶው ሳይዘጋ የበኩር ልጅ ድንኳኑን ጥሎ አይሄድም። በአምስተኛው ቀን «እማዬ፣ ልሂድ» አለኝ። ጫማውን እንሰት ጓሮ ቅጠል ውስጥ ደበቅኩበት። በዘጠነኛው ቀን ሰጠሁት፤ በገዛ እግሩ ወደ ካምፑ ተመለሰ። ከዳተኛ ብለው አሰሩት፤ ከዚያም ከሠራዊቱ አባረሩት። ሻንቶ ገበያ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ፣ ታሞ ኦቶና ሆስፒታል ሞተ። ስለ ካምፑ አንዲት ቃል አልነገረኝም። እኔ ግን ለምሕረት ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ እላት ነበር፦ «አባትሽን አልጠየቁትም። ቢጠይቁት እናቴ ያዘችኝ ይል ነበር፤ እኔም ሄጄ እመሰክር ነበር።»

ቆላው ያቃጥላል። የገሱባ ጭጋግ በሕልሜ ይመጣል። ቦዬ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ዳጣዬም በሁለት ሳምንት አለቀ። ሰው ሰላም ሲል ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ ልጆችሽ ደኅና ናቸው ወይ፣ ከብቱስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አከራያችን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን፣

«ልጅቷ ጠበቃ ናት ወይስ ወታደር?» አለችኝ።

«ሁለቱም።»

«ታዲያ ኪራይ ብጨምር ትከሰኛለች ወይስ ትተኩስብኛለች?»

«መጀመሪያ ትጠይቅሻለች» አልኳት። «እኛ ሳንጠይቅ አንፈርድም።»

ምሕረት መዝገቡን አላወጣም አለች። «የአባቴ ጉዳይ ነው፤ እኔ እጄን ባስገባ አድልዎ ነው። አንቺው አመልክቺ።» ተናደድኩ፤ ግን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ምን እላለሁ?

መዝገብ ቤት ሄድኩ። አንድ ሃምሳ አለቃ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ።»

«ሞቷል።»

«እንግዲያው ውክልና ያምጡ።»

«የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ይወክለኛል? ወልጄዋለሁ፤ አይበቃህም?»

ሳቀ፤ ወዲያው አፈረና ወረቀት ሰጠኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ቢሆንም በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ «ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጫማውን የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሱን ካልጠየቃችሁ እኔን ጠይቁኝ።»

ክረምቱ አልፎ ጠሩኝ። ሃምሳ አለቃው የአንድ ገጽ ቅጂ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ዓይኔ አላነበበልኝም፤ ምሕረት የደንብ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆማ አነበበችልኝ። የማርቆስ ቃል ነው፤ ከግርጌው ፊርማው አለ። ለካ ጠይቀውታል።

«ለቅሶው ላይ ይዞ ያስቀረህ ሰው አለ ወይ?» ይላል ጥያቄው።

ምሕረት ከወረቀቱ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንብቢ» አልኳት።

«የለም። እናቴ ሂድ ብላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»