ከበቅሎ ሆድ እስከ ውሮ አንገት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የደባርቅ ብርድ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ እንግዶችን ጓዝ የሚሸከሙ በቅሎዎች ሜዳው ላይ ተሰልፈዋል። እኔ የጫኝ ረዳት ሆኜ ነው የገባሁት፤ ከረዳት በላይ ጫኝ፣ ከጫኝ በላይ አለቃው አያ ተገኘ ነበሩ። ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ፣ "ያችን ዳማ በቅሎ እንዳትጠጋ፤ ልክፍት አለባት" አሉኝ።

በቅሎዋ ድንገት ጠባይዋ ተለውጦባቸው ነበር። ኮርቻ ስታይ ትራገጣለች፣ የሚጭናትን ትነክሳለች። ጀርባዋን አገላብጠው ቢያዩ ገጣባ የለባትም። እንሽጣት የሚለውና ጠበል እንውሰዳት የሚለው ሲከራከሩ እኔ ቀረብኩ። በአንድ እጄ አንገቷን እያሻሸሁ ሌላውን ከሆዷ በታች፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ በጸጉሯ ግልባጭ አስኬድኩ። የኮርቻው መቀነት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣቴ አንድ ነገር ነካ፤ በቅሎዋም ዘለለች። የቀጋ እሾህ ነበር። ጸጉሯ ሸፍኖት ቆዳዋ ውስጥ ተቀብሯል። ነቀልኩት።

አያ ተገኘ እሾሁን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩትና፣ "ማን አስተማረህ?" አሉኝ።

"እጄ" አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ጫኝ ሆንኩ። በረዳትነት ግማሽ ቀን ብቻ የቆየ ሰው ከእኔ በቀር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደልንም ብቻዬን ነው የለየሁት፤ ይህንንም የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ኋላ የጫኞች አለቃ ሆንኩ፤ በጎን ደግሞ የታመመ እንስሳ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ከደረስጌ በሬ ነድተው፣ ከድብ ባሕር በግ ተሸክመው መጥተውብኛል። አንድ የደረስጌ ገበሬ በሬው ማረስ እምቢ ብሎት ሲደበድበው ከርሞ ነው ያመጣው። ቀንበሩ ከሚያርፍበት ጸጉር ሥር እብጠት አገኘሁለት። ሰውየው በሬውን ይቅርታ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለወጣት ጫኞች ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ጸጉር ውሸታም ነው። በዓይን ካየኸው ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አይነግርህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት በበቅሎ የሠራሁት አይደለም፤ በድመት ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ሥራ ትቼ ዳባት ልጄ ቤት ስኖር፣ ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ እያለከለኩ መጡ። የመሪጌታ ባለቤት ነበሩ። መሪጌታ ካረፉ ወዲህ አብራቸው የምትኖረው ድመታቸው ውሮ ብቻ ናት። ቀን የመሪጌታን የብራና መጻሕፍት ከአይጥ ትጠብቃለች፤ ማታ እትዬ የሻረግ እግር ሥር ትተኛለች።

"አያ በሪሁን፣ ውሮዬን ሊገድሏት ነው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሮ ዕቅፍ የምትወድ ድመት ነበረች። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ሲደባብሷት ጮኸችና እጃቸውን ቧጨረች። ከዚያ ወዲህ አልጋ ሥር ገብታ አትወጣም፣ አትበላም፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። በቅርቡ ደግሞ በሰፈራችን ያበደ ውሻ አልፎ ነበር። እዚያው እትዬ የሻረግ ግቢ የሚኖረው ፈንታሁን ትንንሽ ልጆች አሉት። የእብድ ውሻ በሽታ ይዟታል፣ ሳይመሽ መገደል አለባት ብሎ ዱላ ይዞ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል። አልፈረድኩበትም። እሱ የሚያስበው ለልጆቹ ነው።

ግን ልቤ እንደ ጎረምሳ ልብ መዝለል ጀመረ። ያለ ምክንያት ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ! ይህ የእኔ ሥራ ነው።

ፈንታሁን ሲያየኝ፣ "አያ፣ ከበቅሎ ወደ ድመት ወረዱ እንዴ?" አለኝ።

"ወጣሁ በል" አልኩት። "በቅሎ የምትረግጠው የጠላችውን ነው። ድመት የምትወደውንም ትቧጭራለች። የቱ ይከብዳል?"

ገብቼ በመጀመሪያ እትዬ የሻረግን ጠየቅኩ። ምን በላች? ከየት ወደቀች? የመታት አለ? አካሏ ላይ የታሰረ ነገር አለ? ለሁሉም ምንም የለም አሉኝ። የመጨረሻውን ሲመልሱ ግን ዓይናቸው ወደ ወለሉ ወረደ። በቅሎውን ከአቅሙ በላይ የጫነ ሰውም ስጠይቀው እንዲሁ ያደርጋል።

ወተት በሳህን አስቀድቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ውሮ ከአልጋው ሥር ወጣች፣ አሸተተች፣ ለመጠጣት ጎንበስ ስትል ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች። ሳህኑን አንስቼ በርጩማ ላይ አደረግኩት። ተመልሳ መጣች፤ አንገቷን ሳታጎነብስ፣ ቀጥ እንዳለች ጠጣች! መጮህ ቃጣኝ። ይህች ድመት ወተቱን አልጠላችም፣ የሚያማት ማጎንበሱ ነው።

ለፈንታሁን ነገርኩት። አላመነኝም። እኔም አልማልኩለትም፤ በሽታው ቀልድ አያውቅም። "የእንስሳት ሐኪሟ ትያት" አልኩት። "በሽታው ነው ካለች ዱላውን እኔ ራሴ አቀብልሃለሁ።"

ፈንታሁን ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ውሮን በወፍራም ጋቢ ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው ቅርጫት ይዣት ወጣሁ። እትዬ የሻረግ ከኋላዬ እየጸለዩ ይከተሉኛል። የእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘናት ወጣት ሐኪም ዶክተር ሕይወት ትባላለች። ቅርጫቱን ሳትከፍት በፊት የእትዬ የሻረግን እጅ አየች። ድመቷ ምንም ይኑራት ምን፣ እጃቸውን ቧንቧው ሥር በሳሙና ደጋግመው እንዲታጠቡ፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ አዘዘች። ታጠቡ፤ ስለ ውሮ ሳልሰማ ግን ንቅንቅ አልልም አሉ።

ዶክተሯ የውሮን አፍ በጥንቃቄ ከፍታ አየች። የተሰነቀረ አጥንት የለም፣ የተሰበረ ጥርስ የለም። እግሮቿን ዳሰሰች፤ ደህና ናቸው። ያኔ እኔ ልሞክር አልኳት። ጓንት አጠለቀችልኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንት ማድረጌ ነው፤ ጣቶቼ ዓይናቸው የታሰረ መሰለኝ። ቢሆንም ከጅራቷ ጀመርኩ፤ በጸጉሯ ግልባጭ፣ በቀስታ። ወገብ ምንም የለም። ትከሻ ምንም የለም። አንገቷ ላይ ስደርስ ጣቴ እንደ ቦይ ያለ ነገር ውስጥ ገባ፤ ውሮም ጮኸች።

"እዚህ ነው! ዶክተር፣ እዚህ ነው!" አልኩ።

ጸጉሩን ገለጥነው። ዙሪያውን ቆዳው ተቆርጦ መግል ይዟል፤ ከመሀሉ ጥቁር ክር ይታያል። ማተብ ነበር።

ዞር ብል እትዬ የሻረግ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

"እኔ ነኝ" አሉ። "መሪጌታ ባረፉ ማግስት ነው ያመጡልኝ፤ እፍኝ አትሞላም ነበር። ከዓይን ይጠብቃት ብዬ አሰርኩላት። ጸጉሯ ሲያድግ ሸፈነው፣ እኔም ረሳሁት። ቅድም ሲጠይቁኝ ትዝ አለኝ፤ የመሪጌታ ሚስት ለድመት ማተብ አሰረች ቢባል አፈርኩ።"

ድመቷ አደገች፣ ክሩ አላደገም። ክረምቱ ደግሞ አራሰው፤ የራሰ ክር እየጠበቀ እንደሚሄድ ጭነት ያሰረ ሁሉ ያውቃል። የዕለቱ ጩኸት ድንገተኛ ይምሰል እንጂ ክሩ ወራት ሙሉ ሲቆርጣት ነበር፤ ለሃጯም የተዝረበረበው ከሕመሙ ነው።

ጩቤዬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ልቆርጠውና ልስበው። ዶክተሯ ክንዴን ያዘችኝ።

"አያ፣ ክሩ ሥጋ ውስጥ ገብቷል። ሳይደነዝዝ ከተሳበ ሥጋዋን ይዞ ይወጣል" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጩቤዬን መለስኩ። መርፌ ወጋቻት፣ ጸጉሩን ላጨች፣ በትንሽ መቀስ ክሩን ቦታ ቦታ ቆርጣ በመቆንጠጫ እየለቀመች አወጣችው። ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ቀባችው። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የውሮን ራስ ይዣለሁ። ስትጨርስ፣ "እጅዎ አይንቀጠቀጥም" አለችኝ። ብዙ እንግዳ አመስግኖኛል፤ እንደዚህ ቃል ደስ ያለኝ ግን የለም። እሷም በሥራዋ ጎበዝ ናት፤ ይህን የምለው ሥራ የማውቅ ሰው ነኝና ነው።

ያበደ ውሻ በሰፈሩ ስላለፈ፣ ፈቃድ እስክትሰጥ ድረስ ድመቷ ለብቻዋ ተዘግቶባት እንድትጠበቅ አዘዘች። እትዬ የሻረግ ከዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ፈንታሁን የግቢው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ምን ሆና ነው አለ።

"ክር ነው። አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ" አልኩት።

"ማን አሰረው?"

"ክረምቱ አጠበቀው" አልኩትና አለፍኩ።

ውሮ ዳነች። አሁን አንገቷ ላይ ጸጉር የማያበቅል ቀለበት አለ፤ ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው። እትዬ የሻረግ ነገሩን ለነፍስ አባታቸው ተናግረው ነበር። ቄሱ እስኪበቃቸው ሳቁና፣ "ማተብ ለተጠመቀ ነው፤ ለድመት ጥፍሯ ይበቃታል" አሏቸው። ከዚያ በኋላ ሐፍረቱ ለቀቃቸው። ሥራዬን እየጻፍኩ መሆኑን ሲሰሙ፣ "የእኔንም ይጻፉልኝ፤ ሌላው እንዳያስር" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

የሚያድግ እንስሳ አንገት ላይ ክር አይታሰርም። ሲነካ የሚጮህ እንስሳ ካጋጠማችሁ ደግሞ ከጅራት ወደ ራስ፣ በጸጉሩ ግልባጭ ዳስሱት።