ለፊልሟ እናት የመጡ ለቀስተኞች

ፊልም ላይ ማልቀስ አያሳፍረኝም። ደብረ ታቦር በተከራየኋት ክፍል መብራት እየጠፋ ደጋግሞ ያቋረጠብኝን ፊልም ባለፈው ቅዳሜ ሳልጨርስ በሬን ላልከፍት ማልኩ። ልጇን ስትጠብቅ የኖረችው እናት፣ ልጁ ደጃፏ ሲደርስ ሞተች። ድምፄን አውጥቼ አነባሁ። በሩ ተንኳኳ፤ ዝም አልኩ። ደግሞ ተንኳኳ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ራሳቸው ገፍተው ከፈቱት።

አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ጎረቤቶችም ተከተሏቸው።

«ምነው ልጄ፣ እኛ እያለን ብቻህን ታለቅሳለህ?»

አንዷ ደረቷን መምታት ጀመረች። አፌን ሳልከፍት አልጋዬ ሳይቀር በለቀስተኛ ሞላ። የመጣው ይምጣ ብዬ እውነቱን ለመናገር ቆረጥኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰው አልሞተብኝም። የሞተችው ፊልም ላይ ያለች ሴት ናት» ብዬ ላፕቶፑን አዞርኩላቸው።

ደረቷን ስትመታ የነበረችው እጇን አወረደች። እትዬ ጠጋ ብለው የሴትየዋን ፊት አዩት።

«ልጅ አላት?»

«አንድ ወንድ ልጅ። አልደረሰላትም።»

«ወይኔ!» አሉና ከአልጋዬ ጫፍ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «በል ከመጀመሪያው ጀምርልን። ሳናውቃት ምን ብለን እናልቅስላት?»