የገብርኤል ዕለት ውሃ

አባቴ የውሃ አባት ነበር። ይህን ለሩቅ አገር ሰው ስናገር ቧንቧ የሚያድል ይመስለዋል። እኛ ሜዳ ላይ ዝናብ የሚዘንበው ለሌላ ሰው ነው፤ ደጋው ላይ ይወርዳል፣ እኛ ከታች ጎርፉን እንጠብቃለን። ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ከሰዓት በኋላ ማጓራት ሲጀምር ገበሬው በጭራሮና በአፈር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላው ይመራዋል። በአንድ ክረምት ደህና ጎርፍ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ተራ አለ፤ ተራውን ለመጠበቅ ደግሞ የማይሰርቅ ሰው ያስፈልጋል። አባቴን የመረጡት ለዚህ ነበር።

ሥራውን እንደ ቅዳሴ ነበር የሚይዘው። ቦይ ከመክፈቱ በፊት አደግድጎ አባታችን ሆይ ይደግማል። ውሃው ማሳ ከገባ በኋላ በትሩን አፈሩ ውስጥ ይሰካል፤ በትሩ ያለ ትግል ሲሰምጥ «ጠግቧል» ብሎ ይዘጋል። ባለማሳው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢሰድብ ወይ ፍንክች። የገዛ ማሳችን ላይማ ይብስበታል፤ በትሩ ገና እኩሌታው ሳይገባ ይዘጋዋል። «ለራሴ ስለካ እጄ ያዳላል» ይላል። እናቴ ማሳችንን «የውሃ አባቱ በረሃ» ትለው ነበር። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ መሆን ደስ የሚል የሚመስለው ለጎረቤት ነው።

ያን ዓመት እኔ ሮቢት ከተማ አስተምር ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን ልረዳቸው ወደ ቤት ገባሁ። ሰኔ ላይ አንድ ጎርፍ መጥቶ ከቦዩ አናት ያሉትን ማሳዎች አጠጥቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ዝም አለ። የማሽላው ቅጠል እየተጠቀለለ ሄደ፤ ጠዋት ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ቀጣዩ ተራ ባሏ የሞተባት የአንዲት ጎረቤታችን ነበር፤ ከእሷ ቀጥሎ እኛ ነን። ከእኛ በታች ማሳ የለም፤ የተረፈው ውሃ ተመልሶ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያም አሸዋው ይጠጣዋል።

ሁለተኛው ጎርፍ የመጣው የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው።

እኛ አካባቢ በገብርኤል ቀን አፈር አይነካም። የነካ ሰው በረዶ ይጠራል፤ በረዶው ደግሞ እሱን ብቻ ለይቶ አይመታም፣ አገር ያወድማል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይጠባበቃል። ቆቦ ወርዶ መነገድ አፈር መንካት አይደለም። ሰው ማማትም አይደለም። ሰክሮ ሚስት መደብደብም እስካሁን በረዶ ጠራ ሲባል አልሰማሁም። ዶማ ግን ከነካህ አለቀልህ።

ቅዳሴው ወጥቶ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀምጧል። ከምዕራብ ያለው ተራራ ጠቁሯል፤ ሁላችንም አይተነዋል፣ ማንም አላነሳውም። ያቺ ሴትዮ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ በቅጥሩ በር አጠገብ እኔና አባቴ ወደ ቆምንበት መጣች። አራት ልጆች አሏት፤ ታናሿ ጀርባዋ ላይ ነበረች።

«አያ» አለችው በለሆሳስ፤ «ማሽላዬ ነገን አያድርም። ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው? ስለ ገብርኤል ብለው ይድረሱልኝ።»

በገብርኤል ቀን ስለ ገብርኤል ተብሎ ተለመነ። አባቴ ቄሱ ጋ ሄደ። ቄሱ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ጉድጓድ የገባ በሬ በሰንበትም ቢሆን ይወጣል ብለው ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። «አባ፣ ሥራው ለራስ ሳይሆን ለሌላ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቃቸው። ቄሱ ግራ ቀኝ አዩና «ልብህን ጠይቅ» አሉት። አባቴ ልቡን ለመጠየቅ ጊዜ አልወሰደም። መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ፤ ከቤት ዶማውንና በትሩን ይዞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ጎርፉ ስንደርስ ወንዙን ሞልቶት ነበር። አባታችን ሆይን ደገመና ብቻውን ገባበት። ይህ የሦስትና የአራት ወንድ ሥራ ነው። ጭራሮውን ይጥላል፣ ጎርፉ ይወስድበታል፤ እንደገና ይጥላል። ውሃው እስከ ጭኑ ደርሶ ሁለት ጊዜ ሲጥለው አይቻለሁ። በመጨረሻ የቦዩ አፍ ያዘለት፤ ቀዩ ውሃ የሴትዮዋን ማሳ እያረሰረሰ ገባ። በትሩን ሰካ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ሰካ። «ጠግቧል» አለ።

ውሃው ግን ገና እየመጣ ነበር። የእኛን ማሳ ከእሷ ማሳ የሚለየው አንድ ድንበር ነው፤ ቦታዋን የማውቃት አንዲት ጓል አፈር ብትነሳ ውሃው በራሱ ይገባል። ዶማውን አነሳሁ። ከእጄ ቀማኝ።

«አባዬ፣ የኛ ተራ ነው!»

«ተራችን ነው። ዛሬ ግን ገብርኤል ነው። ለሷ የሠራሁት ጸሎት ነው፤ ለራሴ ብሠራ ሥራ ይሆናል።»

የእሷን ዘጋ፤ ውሃውን ወደ ወንዙ ለቀቀው። እኔ ድንበሩ ላይ ቆሜ የዓመት ቀለባችን ወደ አሸዋ ሲሄድ አየሁ። በንዴት አለቀስኩ። እሱ እግሩን ታጥቦ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ጎርፍ አልመጣም። የእኛ ማሽላ ነሐሴ ላይ ቆሞ ደረቀ፤ አጭደን ለከብት ሰጠነው። የሴትዮዋ እሸት ሰው እየቆመ የሚያየው ሆነ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል በረዶ ጣለ። ከቦዩ አናት ያሉትን ማሳዎች፣ ሰኔ ላይ የጠጡትን፣ ፍሬ ሊይዙ ሲሉ ሰባብሯቸው ሄደ። ከሁሉም የከፋው የደረሰበት የገብርኤል ጽዋ ማኅበር መሪው፣ ሙሴ የምንለው ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቴ ጓደኛ ነበር። የእኛን ማሳ በረዶው አልነካውም፤ ምን አግኝቶ ይነካል! የሴትዮዋንም ዘለለው። በዚያው ሳምንት «ገብርኤል ይዘገያል እንጂ አይረሳም» የሚል ወሬ ወጣ። ሐምሌ ላይ ማን አፈር እንደነካ ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ አላስፈለገም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴን ዋርካው ሥር አቆሙት፤ ትምህርት ቢከፈትም እኔ በየሳምንቱ መጨረሻ ከሮቢት እመጣ ነበር። ሙሴው ነበር የሚናገረው፤ ማሳው የወደመበት ሰው ሲናገር ማን ያቋርጠዋል? ሁለት ነገር አቀረበ። አንደኛ፣ በዓል የሻረ ሰው ይቀጣ። ሁለተኛ፣ ሴትዮዋ ለምናው ከሆነ እሷም በዓል ሻሪ ናትና በዚያ ውሃ የበቀለው ማሽላ ታጭዶ ለቤተ ክርስቲያን ይግባ። ይህን ሲል የወንዶቹ ዓይን በአንድነት ወደ እሷ ዞረ። ማሽላው አጓጉቷቸዋል፤ ሃይማኖት ነው ብለው ራሳቸውን ቢያታልሉ እኔን አያታልሉኝም።

«ለምነሽዋል?» አላት።

ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ፊት ለፊቷ አቆመቻት። «ኧረ በገብርኤል! እኔ ምን ቆርጦኝ እለምናለሁ? እንዲያውም በዓል ነው፣ ይተዉ ብያቸዋለሁ። በገዛ እጃቸው ነው የሄዱት።»

ተነሳሁ። «ውሸቷን ነው! አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ!»

ሳቁ። አንዱ «ልጅ ለአባቷ ባትመሰክር ነበር የሚደንቀው» አለ። ልቀጥል ስል አባቴ ዞሮ አየኝ። «ተቀመጪ» አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ተቀመጥኩ።

«አንተ ንገረና» አለው ሙሴው፤ «ለምናሃለች ወይስ አለመነችህም?»

«ዶማው የኔ ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

«የምመልሰው እሱን ነው።»

ቄሱ እዚያው ነበሩ። የመጣላቸውን ጥያቄ፣ የሰጡትን መልስ ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ የእጅ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ማለት ሲጀምር፣ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ ባለፈው ዓመት ውሃው ቶሎ የተዘጋበት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተራዬ አልፎብኛል የሚል ሁሉ ምሳሩን ይዞ ተነሳ። የአባቴን ሐቀኝነት በልባቸው ቂም አድርገው ማስቀመጣቸውን ያን ቀን ተረዳሁ። ከውሃ አባትነት ሻሩት፤ ሙሴውን በቦታው ተኩት። ከጽዋውም አስወጡት። ገንዘብ አልጠየቁትም። ቢጠይቁት ይሻለን ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጮህኩበት። ዋሽታብህ እንዴት ዝም ትላለህ፣ እኔንስ ለምን አፌን ዘጋህ አልኩት። በሩ ጋ ስንደርስ ነው የመለሰልኝ።

«ለምናኛለች ብል ማሽላዋን ያጭዱባታል። ታዲያ ያን ቀን ለምን ደከምኩ?»

 እኔ ግን ሴትዮዋን አልማርኳትም፤ እሱንም አልማርኩትም።

ጥቅምት ጽዋው ወደ እኛ ቤት የሚመጣበት ወር ነበር። እናቴ እንደማይገባ እያወቀች ጠላ ጠመቀች፤ ልማዷ ነው፣ እጇ አልታዘዝ ብሏት ይሆናል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በዝማሬና በጭብጨባ መንገዱን ይዞ መጣ። በበራችን አልፎ ሄደ። አባቴ አዲሱን ጋቢውን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ጽዋው ፊቱ ሲደርስ እስከ መሬት ሰገደለት። ካጨበጨቡት አንዱም አልዞረም፤ ሙሴው ዝማሬውን ከፍ አደረገው። ሴትዮዋ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። እሷም ታጨበጭባለች። «እንዴት ትሰግድላቸዋለህ?» አልኩት። «ለነሱ አልሰገድኩም፤ ጽዋው እኮ አላስወጣኝም» አለኝና ገባ። ጠላውን ማንም አልጠጣውም፤ ሲኮመጥጥ እናቴ ደፋችው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ መንገድ ላይ መቆም ተወ። ቆቦ ሲወርድ የሚያውቁት ሰዎች ስልክ የሚያወሩ መስለው ያልፉታል፤ ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤት ልጅ እንኳ ቦታ እያለው «ሞልቷል» ይለዋል። ጨጓራው ታመመ፤ የሚበላው ሁሉ አልስማማው አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ሰፈር ስንቱን ብናድርም አልነጋም።

ጥር ላይ እናቴ ለእሱ የሚሆን ጥሩ ማሽላ ፈልጌ እንድመጣ ቆቦ ገበያ ላከችኝ። ዞርኩ። የዚያ ዓመት እህል ሁሉ የከሳ ነበር፤ ከበረዶ የተረፈው ግማሹ ገለባ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፍሬው ሙሉ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ክምር አየሁ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዘገንኩት። ቀና ስል ከክምሩ ኋላ የተቀመጠችው እሷ ናት።

ትቼ ልሄድ ነበር። የአባቴን ሆድ አሰብኩና «ስፈሪልኝ» አልኳት።

ሰፈረች። ጣሳው ከሞላ በኋላ በእጇ እየዘገነች ትጨምር ጀመር፤ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላቆመችም። ምርቃት መሆኑ ነው። ቀና ብላ ግን አላየችኝም። መዳፌን ጣሳው አፍ ላይ አድርጌ የተረፈውን ጠርጌ ክምሯ ላይ ጣልኩት። በእያንዳንዱ ጣሳ እንዲሁ አደረግሁ።

«እህቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ልጆች እኮ አሉኝ።»

«እኔም አባት አለኝ» አልኳት። ከፈልኳትና ጆንያዬን ተሸክሜ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እንደ ልማዱ ጆንያው ውስጥ እጁን ከተተ። አንድ ፍሬ አውጥቶ በጥርሱ ሰበራት፤ ነጩን አየው። የእናቴ እጅ ወንፊቱ ላይ ቆመ።

«ይሄ ሐምሌ ላይ የጠጣ ነው» አለ።

በዚያ ሜዳ ላይ ሐምሌ ላይ የጠጣው አንድ ማሳ ብቻ ነው። አሁን ይረግማታል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቃል ብቻ እንዲወጣው ፈለግሁ፤ ሸክሜ የሚቀልልኝ በዚያ ነበር። እሱ ጆንያውን ለእናቴ አቀበላት። እናቴ ፈጭታ፣ ጋግራ ትኩሱን ቂጣ አቀረበችለት። አማተበ፤ ቆርሶ በላ፤ ቀስ ብሎ አላመጠው። ለወራት እህል አልስማማ ሲለው የነበረው ሰው የቀረበለትን ጨረሰ።

«መሬቷ ደህና ጠግባ ነበር» አለ። ከዚያ ባዶውን ሳህን ወደ እኔ ገፋው። «ጨምሪልኝ።»