ጌዝ ብሎ የጠራን ሰውዬ

ልጅ እያለሁ ቂም የሚባለውን ነገር አላውቀውም ነበር። የተማርኩት ቡታጅራ አጠገብ፣ ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሠራተኛ ጥብቅና ስቆም ሰው ሁሉ "ፍትሕ ወዳድ ናት" ይለኛል። ፍትሕስ እወዳለሁ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቂመኛ ነኝ።

በእኛ አገር ጌዝ የሚባል ወግ አለ፤ ሌላው ወንፈል የሚለው። ዛሬ ተሰብስበን ያንተን እንሰት እንተክላለን፣ ነገ አንተም መጥተህ የእኔን። ተራውን የሚክድ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ታዲያ ጣሊያን ድንጋይ የሚፈልጥለት ሲያጣ አስተርጓሚው ደግፌ ሰፈራችን መጣ። የእኛው አገር ሰው ነው፤ ቋንቋችንን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ። "ኑ፣ ጌዝ ነው" አለ። ጌዝ ከተባለ ማን ይቀራል? አባቴም መዶሻውን ይዞ ሄደ።

እኔ ቆጮና ጎመን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ምሳ አደርስለት ነበር። አዲስ የተፈለጠ ድንጋይ ሽታ እንዳለው የዘመኔ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ የተቃጠለ ጥፍር ይሸታል። እስኪበላ ድረስ ከጠጠሩ ክምር መርጬ ቅልልቦሽ እጫወታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን እንሰት ነቅለው የሚያዛውሩበት ወቅት ደረሰ። እሱ ካለፈ ደግሞ ችግኙ ከንቱ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚበላ አይኖርም። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ጣሊያኑ አለቃ ሄደ። ቀልድ አልነበረም፣ ከልቡ ነው።

"ጌታው፣ አሁን ተራው የእኔ ነው። ነገ ሰዎችዎን ይዘው ይምጡና እንሰቴን እንትከል" አለ።

ደግፌ ገና ሳይተረጉመው በሳቅ ሞተ። ሲተረጉመው ጣሊያኑም ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ አለንጋ አስመጣ። አባቴን በጓደኞቹ ፊት አስተኝተው ገረፉት። ማታ በሆዱ ተኝቶ "ጌዝ ብሎኝ ነበር እኮ" ሲል ሰማሁት። ከጀርባው ይልቅ ያመመው ያ ቃል ነው። እንሰታችን በዚያ ዓመት አልተዛወረም። በኋላ ያየነውን ረሃብ አልነግራችሁም።

ጣሊያን ሲወጣ ደግፌ ቀረ። የቤቱ ክዳን አርጅቶ ክረምት ሲገባበት ጌዝ ጠራ፤ አንድ ሰው አልሄደለትም። እሰይ አልኩ። ልጆቹ ዝናብ ሲመታቸው እያየሁ እንኳ አንጀቴ አልራራም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ ጠዋት ደጃችን መጥቶ ከአባቴ እግር ላይ ወደቀ። አባቴ ክንዱን ይዞ አነሣው። ከዚያ አንድ ሸክም ሣር አንሥቶ ሄደና ጣሪያው ላይ ወጣ። እሱን ያዩ ሌሎችም ተከተሉት።

ተቃጠልኩ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለኝ። እኔ መች ልጸልይ አሰብኩና? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ገብቼ ስማር፣ ሕግ ሳጠና፣ ልቤ ውስጥ የነበረው ያ የደግፌ ሳቅ ነው።

ዛሬ አለንጋ የለም፤ ድንጋዩንም ማሽን ይፈልጠዋል። ግን ማሽን እጁን የበላው ጎልማሳ ቢሮዬ መጥቶ ሲቀመጥ "ውልህ የታለ?" እለዋለሁ። "ቤተሰብ ነን፣ በቤተሰብ መካከል ውል ምን ያደርጋል አሉኝ" ይለኛል። ደሜ የሚፈላው ያኔ ነው። አሠሪውን ችሎት አቁሜ ቤተሰብነቱን በሕግ አስከፍለዋለሁ፤ ፊቱ አመድ ሲመስል ሳይ ደስታዬን አልደብቅም። ከፍርዱ በኋላ ሽማግሌ የሚልኩብኝ አሉ፤ "ይቅር በይው፣ የአባትሽን ደግነት እናውቃለን" እያሉ።

እውነት ነው፣ አባቴ ደግ ሰው ነበር። የቤታችንን ይቅርታ ሁሉ እሱ ጨርሶት ሄደ፤ ለእኔ የተረፈኝ የለም።