ጠቋሚውን ያሰርኩበት ሽቦ

ሦስት የነፍስ አባት ቀይሬያለሁ። ለሦስቱም ሐሜቴንም መጠጤንም ተናዝዣለሁ፤ ይህቺን ግን ጉሮሮዬ ላይ እያደረስኩ መለስኳት። አንተ አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም። ለአንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የፒክአፕን ድምፅ ከሩቅ ሰምቼ ሕመሙን የምናገር፣ በዚህም የምመጻደቅ ሰው።

ጋሽ አስራት የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ይኖሩ ነበር፤ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ። ባለሁለት በር ቀይ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። አንድ ጠዋት ይዘዋት መጡና "ልጄ፣ ይኼ የዘይት መጠን የሚያሳየው ጠቋሚ ወደ ታች እየወረደ አስቸገረኝ። እሱ ነው የተበላሸው ወይስ ዘይቱ ነው የሚጎድለው?" አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጥያቄ ማን ይጠይቃል?

መለኪያ ዘንጉን መዝዤ ጠረግኩ፣ መልሼ ከትቼ አወጣሁት። ሙሉ ነው። "ዘይቱ ደህና ነው፣ የሚዋሸው ጠቋሚው ነው" አልኩ። ዳና አልተዋጠለትም። ዳና የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እንደኔው የጨንቻ ልጅ፣ እንደኔው የልጆች አባት። ከሳምንት በፊት ዘይቷን የቀየረላቸውም እሱ ነበር።

"ግቢያችን እኮ ወደ ቦዩ ያጋደለ ነው። ሜዳ ላይ አውጥተን እንለካት" አለኝ።

እውነቱን ነው። ግቢው የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ያጋደለ ነበር፤ እኛም ለዓመታት ያንን ሁሉ ፒክአፕ እዚያው ስንለካ ኖረናል፣ ችግር ገጥሞን አያውቅም። ደግሞስ ጋሽ አስራት ፊት ልታረም? "ዘይት መለካት ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የኤሌክትሪክ መስመሩን ፈተሽኩ። ዘይቱ ላይ እየተንሳፈፈ ለጠቋሚው መጠኑን የሚነግረውን ዕቃ አውጥቼ አጠብኩ። ጠቋሚው አሁንም ታች ነው። አቃተኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ዳሽቦርዱን ፈታሁና ጠቋሚውን መሃል ላይ በቀጭን ሽቦ አሰርኩት። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ማንም አላዘዘኝም። ጋሽ አስራት ጠቋሚው መሃል ላይ ቆሞ ሲያዩት መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

በሳምንቱ ወደ ጨንቻ ሲወጡ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ያለ ዘይት ተቃጥሎ ቆመ። መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ማንም ሳይቀድመኝ ሥሯ ገባሁ። ዘይቱ የፈሰሰው ካረጀ ማሸጊያ ነው። ዳና ዘይቱን ሲቀይር ፈትቶ ያሰረውን የማፍሰሻ ቡሎን በቁልፍ ሞከርኩት፤ ጥብቅ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዳሽቦርዱን ፈትቼ ሽቦዬን ቆረጥኩት። ጠቋሚው ቀስ ብሎ ታች ወረደ። ለካ መጀመሪያም እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ የዋሸኝ ያጋደለው ግቢ ላይ የለካሁበት ዘንግ ነው።

የጋራዡ ባለቤት መጣና "ዳና ቡሎኑን ሳያጠብቀው ቀርቶ ነው?" አለኝ። ሽቦው ኪሴ ውስጥ ነበር። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጋሽ አስራት ክስ አልፈለጉም፤ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። እኛ ጋሞዎች የምንታረቀው ዱቡሻ ላይ ነው። እዚያ አደባባይ እውነት ደብቆ መቀመጥ ጎሜ ነው፤ ተከትሎህ ቤትህ የሚገባ ጥፋት። ዳና "አጥብቄዋለሁ" አለ። ሽማግሌው "የሚያውቅ ይናገር" ብለው ሁላችንንም አዩን። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሣር እየነጨሁ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ጋሽ አስራት ተነሥተው ዳናን አቀፉትና ይቅር አሉት። ሰው ባላጠፋው ጥፋት ይቅር ሲባል አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። እጆቹ የት እንደሚገቡ ጠፍቷቸው ተንጠልጥለው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ዳናን አምኖ መኪናውን የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ጀልባ ጠጋኝ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ዓሣ ልገዛ ስወርድ አገኘሁት። አጠገቡ አስቀመጠኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ እያየ እንዲህ አለኝ፦

"ታውቃለህ፣ ሳስበው ሳስበው እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። አላጠበቅኩት ይሆናል። አሁን አንዲት ሚስማር መትቼ እንኳ ሦስቴ ተመልሼ አያታለሁ።"

እኔስ ምን አልኩ? "ያጋጥማል" አልኩት። ዓሣዬን ይዤ ሄድኩ።

በዚያው ክረምት ወባ ገደለው። አፈር ካለበሱት አንዱ ነበርኩ። ዛሬም መኪና ሥር ተኝቼ ቡሎን ሳጠብቅ ከጎኔ መዳፉን ገልብጦ የሚያይ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ዞሬ አላይም።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ያን ቀን ጫሞ ዳር ልናገረው የሚገባኝ ይህን ብቻ ነበር፦ ዳና፣ አጥብቀኸው ነበር። በገዛ እጄ ሞክሬዋለሁ። ንቅንቅ አላለም።